ከቅጥሩ ማዶ ማን አለ?

(በትምህርት ቤቱ የምሥረታ በዓል ቀን የቢቸናና የሞጣ ተማሪዎች ያሰሙት ንግግር)



ስለ አንድ የጃፓን ተንቀሳቃሽ ሥዕል ጥቂት ቃል እንድንናገር ስለ ተፈቀደልን እናመሰግናለን። ጃፓኖች ይህን ዓይነቱን ፊልም አኒሜ ይሉታል። እኛ በእጅ ስልክ እየተቀባበልን ስናየው ወላጆቻችን «ይህ ሁሉ ደም ምን ይጠቅማችኋል?» ይሉናል። ጥያቄው ተገቢ ነውና መልስ ልንሰጥበት ተነሥተናል።

የፊልሙ ስም «አታክ ኦን ታይታን» ነው። ደራሲው ሐጂሜ ኢሳያማ ያደገው በጃፓን አገር፣ በኦይታ አውራጃ፣ ተራራ በከበባት ኦያማ በምትባል ስፍራ ነው። ታሪኩን በሥዕል መጽሐፍ ማውጣት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2009 ሲሆን በ2021 በ34 ቅጽ ፈጽሞታል። ፊልሙም ከ2013 እስከ 2023 በየክፍሉ ታይቷል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከጥፋት የተረፉ ሰዎች 50 ሜትር ከፍታ ባላቸው ሦስት ቅጥሮች ውስጥ ይኖራሉ። ከቅጥሩ ውጭ አያቶቻችን በምድጃ ዳር «ጭራቅ» እያሉ ያወሩልንን የሚመስሉ ሰው በላ ግዙፎች ይዞራሉ፤ ማጅራታቸው ካልተቆረጠ አይሞቱም። ሕዝቡ 100 ዓመት ያህል በሰላም ከኖረ በኋላ፣ ራሱ ከቅጥሩ በላይ የሚታይ አንድ ግዙፍ ድንገት መጥቶ በሩን ሰበረው። ኤረን የሚባል ልጅ እናቱ ስትበላ አየ፤ ግዙፎቹንም አንድ ሳያስቀር ሊያጠፋ ማለ። ሚካሳና አርሚን የተባሉ ጓደኞቹም ከእርሱ ጋራ ወታደሮች ሆኑ። አርሚን ስለ ውጭው ዓለም የሚናገር የተከለከለ መጽሐፍ አይቶ ባሕርን የሚናፍቅ ልጅ ነው። ባሕር ሳናይ ላደግን የደጋ ልጆች ይህ ናፍቆት እንግዳ አይደለም።

ለአዲስ ተመልካች ሁለት ምክር አለን። አንደኛ፣ ከመጀመሪያው ክፍል ተነሥታችሁ በተራ እዩት፤ መጀመሪያ ላይ ተራ የመሰለው ነገር ትርጉሙ የሚገለጠው እጅግ ዘግይቶ ነው። ሁለተኛ፣ ሰው ሲበላ በግልጽ ስለሚያሳይ ለታናናሾቻችሁ አታሳዩ።

አሁን ወደ ወላጆቻችን ጥያቄ እንመለስ። እኛ የበላይ ዘለቀን ጀግንነት እየሰማን ያደግን ነን። በላይ የተዋጋው አገሩን ከወረረ ጠላት ጋራ ነበር። ኤረንም ሲጀምር እንዲሁ ይመስላል። ነገር ግን ታሪኩ እየገፋ ሲሄድ ከቅጥሩ ማዶም እናትና ልጅ መኖራቸው ይታወቃል፤ እነርሱም በበኩላቸው በቅጥሩ ውስጥ ያሉትን «ሰይጣናት» እያሉ እንዲጠሩ ተምረዋል። ያን ጊዜ ተመልካቹ፣ ቂም ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ ማን ያቆመዋል? ብሎ ይጨነቃል። መጨረሻውን አንነግራችሁም፤ በቀል ግን ምን ያህል እንደሚያስከፍል ፊልሙ አይደብቅም።

ይህ ጥያቄ የጃፓን ብቻ አይደለም። ደመኛ የሚለውን ቃል በአገራችን የማያውቅ የለም፤ ሽማግሌዎቻችን ተቀምጠው ደም የሚያደርቁትም የሟች ልጅ ነገ ገዳይ እንዳይሆን ብለው ነው። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልላችን በተነሣው ጦርነት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ብዙ ልጆች ከትምህርት ቀርተዋል። ስለዚህ ደምን በፊልም የምናየው ደም ስላማረን አይደለም፤ ከየት እንደሚመጣና ወዴት እንደሚያደርስ ለማወቅ ነው።

ከሞጣ ወደ ዓባይ ሲወርዱ ሰባራ ድልድይ አለ። በኢጣልያ ወረራ ዘመን ከተሰበረ በኋላ የጎጃምና የጎንደር ሰው በክፍተቱ ላይ በገመድ እየተሳሳበ ይሻገር ነበር። ገመዱን ለማዶ ሰው የሚወረውር፣ ማዶ ያለው እንደ ራሱ ሰው መሆኑን ያወቀ ነው። በቅጥሩ ውስጥ ያሉት ይህን ቀድመው ቢያውቁ ኖሮ ታሪካቸው ሌላ በሆነ ነበር።

ወላጆቻችን ሆይ፤ አንድ ምሽት ከእኛ ጋራ ተቀምጣችሁ እዩትና ፍረዱ።