ኮንፈረንስን ከኮንፈረንስ በምን እንመዝን?



ልጆቻችን በኦሃዮ፣ በጆርጂያና በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲዎች ሲማሩ የኮሌጅ ፉትቦል ክርክርም አብሯቸው ቤታችን ገብቷል። ክርክሩ ሁልጊዜ የሚያርፈው “የትኛው ኮንፈረንስ ይበልጣል?” የሚለው ላይ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ የሚመለስበት መንገድ ግን ብዙ ጊዜ የተሳሳተ ነው።

አንድ ቡድን በመደበኛው የውድድር ዘመን 12 ጨዋታ ያደርጋል። ስምንቱ ወይም ዘጠኙ ከራሱ ኮንፈረንስ፣ ማለትም ከታቀፈበት የቡድኖች ማኅበር፣ አባላት ጋር ናቸው፤ የቀሩት ሦስት ወይም አራት ጨዋታዎች ከውጭ ቡድኖች ጋር ይደረጋሉ። ኮንፈረንሶችን ለማወዳደር የሚረዱን እነዚህ ጥቂቶቹ ናቸው። በኮንፈረንሱ ውስጥ አንዱ ባሸነፈ ቁጥር ሌላው አባል ይሸነፋልና የአባላቱ ድልና ሽንፈት ሲደመር ምንጊዜም እኩል ይሆናል። ጠንካራውም ኮንፈረንስ ደካማውም ኮንፈረንስ በዚህ ስሌት አንድ ናቸው። ከመደበኛው የውድድር ዘመን በኋላ ያሉት የቦውል ጨዋታዎችም ቢሆኑ የሚደረጉት ለአገር አቀፉ ዋንጫ የሚፋለሙት ቡድኖች ከተመረጡ በኋላ ስለሆነ ለምርጫው አይረዱም።

ታዲያ የውጭ ድሎችን ቆጥሮ መደርደር ይበቃል? አይበቃም። ቡድኖቹ የውጭ ተጋጣሚያቸውን የሚመርጡት ራሳቸው ናቸው፤ ውሉም ብዙ ጊዜ ከዓመታት በፊት ይፈረማል። ትልቁ ዩኒቨርሲቲ ለትንሹ ገንዘብ ከፍሎ ወደ ራሱ ስታዲየም ይጠራዋል። ትንሹ በክፍያው የስፖርት ክፍሉን በጀት ይደጉማል፤ ትልቁ ድል ይሸምታል። የትንሹ ኮንፈረንስ መዝገብ በሽንፈት የሚሞላው በከፊል ቡድኖቹ ብዙ ጊዜ በሰው ሜዳ ስለሚጫወቱ ነው። ይህን ሳያዩ ደካማ ብሎ መፈረጅ በደል ነው።

ፍረጃው ምን ያህል እንደሚያሳስት እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 1 ቀን 2007 በአን አርበር ታይቷል። በአገር አቀፍ ደረጃ 5ኛ የነበረው ሚሺጋን 400,000 ዶላር ከፍሎ ከታችኛው እርከን አፓላቺያን ስቴትን ጋበዘ። እንግዳው 34 ለ 32 አሸነፈ፤ የሚሺጋን የመጨረሻ የፊልድ ጎል ሙከራም በተከላካይ እጅ ተመክቶ ቀረ። ብዙዎች ተአምር አሉት። ይሁንና አፓላቺያን ስቴት በእርከኑ ከዚያ በፊት የነበሩትን ሁለት ዓመታት በተከታታይ ሻምፒዮን የሆነ ቡድን ነበር። “ታችኛው እርከን” የሚለው ስም ብርታቱን ሸፍኖበታል።

ለዋንጫው ጨዋታ የሚደርሱትን ቡድኖች ለመለየት ከ1998 ጀምሮ ለጥቂት ዓመታት የተሠራበት የቢሲኤስ ቀመር የመርሐ ግብርን ክብደት በቁጥር ለማስላት ሞክሮ ነበር፤ ሁለት ሦስተኛውን ከተጋጣሚዎች ውጤት፣ አንድ ሦስተኛውን ከተጋጣሚዎቹ ተጋጣሚዎች ውጤት ይወስድ ነበር። ይሁን እንጂ በደካሞች መካከል ድል ያከማቸ ተጋጣሚ በእንዲህ ዓይነቱ ስሌት ከእውነተኛ ብርታቱ በላይ ይታያል።

ለዋንጫው የሚፋለሙትን ቡድኖች የሚመርጠው ኮሚቴ በ2023 ያሳለፈው ውሳኔ ግን እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። በወቅቱ የሌላ ኮንፈረንስ አባል የነበረው ቴክሳስ በሴፕቴምበር አላባማን በገዛ ሜዳው፣ በተስካሉሳ፣ 34 ለ 24 አሸነፈ። አላባማ በበኩሉ ጆርጂያን 27 ለ 24 ረትቶ የሳውዝኢስተርን ኮንፈረንስ ሻምፒዮን ሆነ። መራጭ ኮሚቴው ለዋንጫው የሚፋለሙትን አራት ቡድኖች ሲለይ ቴክሳስን 3ኛ፣ አላባማን 4ኛ አደረገ። የሴፕቴምበሩ ጨዋታ ማስረጃ ሆኖ አገለገለ ማለት ነው፤ ትክክልም ነው። በዚያው ዓመት ፍሎሪዳ ስቴት 13 ጨዋታ ተጫውቶ 13ቱንም አሸንፏል። ከሳውዝኢስተርን ኮንፈረንስ ሉዊዚያና ስቴትንና ፍሎሪዳን ገጥሞ ሁለቱንም ረትቷል። ሆኖም ኳርተርባኩ ስለተጎዳ ቡድኑ እንደ ቀድሞው አይደለም ተብሎ ከአራቱ ውጭ ቀረ። የውጭ ድል ለአንዱ ማስረጃ ከሆነ ለሌላውም መሆን ነበረበት።

አሁን ደግሞ አዲስ ነገር መጥቷል። 16 አባላት ያሉት ሳውዝኢስተርን ኮንፈረንስ ለረጅም ጊዜ 8 የውስጥ ጨዋታ ይዞ ቆይቶ፣ ከ2026 ጀምሮ እንደ ቢግ ቴንና እንደ ቢግ ትዌልቭ ኮንፈረንሶች 9 ለማድረግ ወስኗል። በ8 ጨዋታ አባላቱ በመካከላቸው የሚከፋፈሉት 64 ሽንፈት ነበር፤ በ9 ጨዋታ 72 ይሆናል። ቀድሞ ስምንቱን ሽንፈት በተከፈለበት እንግዳ ላይ በሚገኝ ድል መተካት ይቻል ስለነበር 9 ጨዋታ ከሚያደርጉት ኮንፈረንሶች ጋር የነበረው ንጽጽር የተዛባ ነበር። ስለዚህ እርምጃውን እደግፋለሁ።

ነገር ግን ከዚህ ኮንፈረንስ የምናገኘው የውጭ ጨዋታ ከ64 ወደ 48 ይወርዳል። ማወዳደሪያችን በሩብ ቀነሰ ማለት ነው። እያንዳንዱ ቡድን በቀሩት ሦስት ጨዋታዎች ሁሉ የተከፈለበት እንግዳ ከጋበዘ የምንመዝንበት አይኖረንም። የዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንቶችን የምጠይቀው ከሦስቱ አንዱ ከሌላ ጠንካራ ኮንፈረንስ ቡድን ጋር እንዲሆን፣ በየሁለት ዓመቱም ጨዋታው በተጋጣሚው ሜዳ እንዲደረግ ነው። መራጭ ኮሚቴውም በተጋጣሚው ሜዳ በጠባብ ልዩነት የተሸነፈን ቡድን፣ ቤቱ ሆኖ ሦስት ደካሞችን ካሸነፈው በታች እንዳያስቀምጥ እጠይቃለሁ።