ደረጃን ከላይ ሆኖ ማየት



የምድር ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. በደረሰባት በድሬዳዋ ከብርቱ ፀሐይ ወደ ቤት የገባ ሰው ዓይኑ ለጥቂት ጊዜ ይጨልምበታል። መርገጫውና ቋሚው ሳንቃ አንድ ዓይነት ቡናማ የሆኑበት የእንጨት ደረጃ ለዚህ ሰው ተዳፋት ይመስለዋል። ስለዚህ በቤቴ ቋሚዎቹን ሳንቃዎች በብርጭቆ ወረቀት ፍቄ፣ ሙቀቱ ቀለሙን ያለጊዜው እንዳያደርቀው በማለዳ ነጭ የዘይት ቀለም ቀባኋቸው። ሥራዬ ተፈጸመ ባልሁ በሳምንቱ እናቴ ከፎቅ ሲወርዱ ወደቁ። ቋሚው ሳንቃ የሚታየው ለሚወጣ እንጂ ለሚወርድ አለመሆኑን ያስተዋልሁት ያን ጊዜ ነው። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ተርፈዋል። ዛሬ በየመርገጫው ጫፍ ሁለት ጣት የሚያህል ነጭ መስመር አለ። እንግዲህ ባልደረቦቼ፣ የሠራነውን ደረጃ ከላይ ቆመን ወደ ታች ሳናየው አናስረክብ።