የስኳር ሕመምተኛና የበዓል ገበታ

(ከዚህ በታች የሚነበበው የገና በዓል ከመድረሱ በፊት በካኩማ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ስደተኞች የሰጠነው ገለጻ ነው። በዕለቱ ለመገኘት ያልቻሉ ወገኖች እንዲያነቡት በጽሑፍ አቅርበነዋል።)





ኅዳር 5 ቀን የዓለም የስኳር በሽታ ቀን ነው። ከዚያ በኋላ በ10ኛው ቀን፣ ኅዳር 15፣ የነቢያት ጾም ይገባል። ታኅሣሥ 29 ገና፣ ጥር 11 ደግሞ ጥምቀት ይከተላሉ። እነዚህ ሁለት ወራት የስኳር ሕመምተኛን ከሚያስቸግሩት ወራት መካከል ናቸውና ስለዚሁ ልንነጋገር ወደድን።

ይህ ካምፕ እ.ኤ.አ. በ1992 ሲከፈት ከሀገራችን ከመጡት ብዙዎቹ ወጣቶች ነበሩ። ያኔ የጤና ትምህርት ሲባል በአብዛኛው ስለ ወባ፣ ስለ ተቅማጥና ስለ ኩፍኝ ነበር። የዚያን ጊዜ ወጣቶች ዛሬ ፀጉራቸው ሸብቷል፤ የልጅ ልጅ ያዩም አሉ። ዕድሜ ሲገፋ ደግሞ ስኳርና የደም ግፊት ይመጣሉ። ስለዚህ ዛሬ የምንናገረው ስለ እንግዳ ሰው ሳይሆን ስለየቤታችን ነው።

የምንበላው እንጀራ፣ ዳቦ፣ ኡጋሊና ሩዝ በሆድ ውስጥ ልሞ ወደ ስኳርነት ይለወጣል። ይህ ስኳር ከደም ወጥቶ ወደ ሰውነት እንዲገባና ኃይል እንዲሆን የሚያደርገው ከቆሽት የሚመነጨው ኢንሱሊን ነው። ኢንሱሊኑ ሲያንስ ወይም አልሠራ ሲል ስኳሩ በደም ውስጥ ይከማቻል፤ ውሎ አድሮም ዓይንን፣ ኩላሊትን፣ ልብንና እግርን ይጎዳል። ከዚህ እንደምንረዳው ስኳር ያለበት ሰው ሊጠነቀቅ የሚገባው ሻይ ውስጥ ከሚጨመረው ስኳር ብቻ አይደለም። «ጤፍ ነው፣ አይጎዳም»፣ «ማሽላ ነው፣ ለስኳር መድኃኒት ነው» የሚሉ አሉ። የጤፍም ይሁን የማሽላ፣ እንጀራ እንጀራ ነው፤ መጠን ይፈልጋል።

ታዲያ ሕመምተኛው በበዓል ዶሮ ወጥ አይቅመስ፣ ከሰው ጋር አይቀመጥ ማለታችን ነውን? አይደለም። በበዓል የሚጎዳው ዶሮው አይደለም፤ ከባዶ ሆድ ወደ ጥጋብ፣ ከጥጋብም ተመልሶ ወደ ባዶ ሆድ መዝለሉ ነው። ይህ ዝላይ የሚከሰተው በሦስት ጊዜያት ነው፤ በጾሙ ወቅት፣ በበዓሉ ዕለትና በበዓሉ ማግስት።

ስለ ጾሙ

የጾም ምግብ ለስኳር ሕመምተኛ የሚስማማ ነው። ምስር፣ ሽሮ፣ ክክ፣ ጎመንና ሱኩማ ስኳርን ድንገት ከፍ አያደርጉም። ችግሩ ሰዓቱ ነው። ጠዋት ኢንሱሊን ተወግቶ ወይም ግሊቤንክላሚድ የተባለውን ኪኒን ውጦ እስከ 9 ሰዓት ሳይበላ የሚቆይ ሰው ስኳሩ ከልክ በታች ሊወርድበት ይችላል። ሜትፎርሚን ብቻውን ሲወሰድ ግን ይህን የሚያደርሰው ከስንት አንዴ ነው።

ስለዚህ መጾም የምትሹ ጾሙ ከመግባቱ ቢያንስ አንድ ሳምንት ቀደም ብላችሁ ወደ ክሊኒኩ ብቅ በሉ። የመድኃኒቱን መጠንና ሰዓት ባለሙያ ይወስን እንጂ በራሳችሁ አትቀንሱ፣ አትተዉም። ከንስሐ አባታችሁም ጋር ተማከሩ፤ ቤተ ክርስቲያን በታመመ ሰው ላይ ሸክም አትጭንም። ለሙስሊም ወገኖቻችንም እንዲሁ ነው፤ ቅዱስ ቁርኣን የታመመ ሰው በረመዳን እንዳይጾም ይፈቅዳል።

የገናን ሌሊት ቆማችሁ የምታስቀድሱ ስኳር በወረቀት ጠቅልላችሁ በኪሳችሁ ያዙ። አጠገባችሁ ለሚቆመውም ሰው ሕመሙ እንዳለባችሁ ንገሩት።

ስለ በዓሉ ገበታ

ከቅዳሴ መልስ ሌሊቱን ጾም መፍታት ልማዳችን ነው። ሆኖም ሕመምተኛው ውሎ አድሮ በባዶ ሆዱ ጠግቦ በልቶ ወዲያው ሲተኛ ስኳሩ ይወጣል። ሌሊት ጥቂት ቀምሶ ዋናውን ማዕድ ለቀትር ቢያቆየው ይሻላል።

በአንድ ትሪ ላይ ብዙ ሰው ሲበላ ማን ስንት እንደበላ አይታወቅም። ስለዚህ ሕመምተኛው ከመቀመጡ በፊት እንጀራውን ይለይ። እንጀራው ሰፊ ከሆነ ለአብዛኛው ሰው በአንድ ማዕድ ግማሹ ይበቃል። በሳሐን ተለይቶ ቢቀርብለት ደግሞ የሳሐኑ ግማሽ ጎመን፣ ሱኩማ፣ ጥቅል ጎመን ወይም ሰላጣ ይሁን፤ ሩቡ ሥጋ፣ ዶሮ፣ እንቁላል ወይም ምስር፤ የቀረው ሩብ እንጀራ ይሁን። እንጀራ፣ ድፎ ዳቦና ሩዝ አብረው ከቀረቡ ከሦስቱ አንዱን ይምረጥ። አትክልቱንና ወጡን አስቀድሞ እንጀራውን ማስከተሉም ስኳሩ ቀስ ብሎ እንዲወጣ ይረዳል።

የዶሮው 12 ብልትና እንቁላሉ በራሳቸው ስኳርን አይጨምሩም። ቆዳውንም ቢሆን ድሮም በእኛ ልማድ ይገፈፋል፤ ይህ ጥሩ ልማድ ነው። ነገር ግን ቅቤ ሲበዛ ልብን ስለሚጎዳ ለሕመምተኛው ሲወጣ በወጡ ላይ የተንሳፈፈው ቅባት ገለል ይበልለት። ጨውም ይቀነስ፤ ስኳር ያለበት ሰው ብዙ ጊዜ ግፊትም አለበት።

ከምግብ በኋላ ጋደም ከማለት ጎረቤት ለመጠየቅ በእግር መሄድ ይጠቅማል። 15 ወይም 20 ደቂቃ መራመድ ስኳሩን ዝቅ ያደርጋል።

ስለ ቡናና መጠጥ

ቡናው ሲፈላ አቦል፣ ቶና፣ በረካ አለ። በየሲኒው 2 የሻይ ማንኪያ ስኳር ከተጨመረ በአንድ ቤት 6 ማንኪያ ሆነ ማለት ነው። በበዓል ደግሞ ሦስት ቤት ይኬዳልና 18 ማንኪያ ይሆናል። አንድ 300 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ሶዳም ወደ 8 የሻይ ማንኪያ የሚጠጋ ስኳር አለበት። ይህ ሁሉ የሚገባው ሆድ ሳይሞላ ነው። ቡናው ራሱ አይከለከልም፤ ስኳሩ ለብቻው ይቅረብና የሚፈልግ ይጨምር። ጤና አዳም ከተገኘ ቡናውን ያለ ስኳር ያጣፍጠዋል። «ማር የተፈጥሮ ነው፣ አይጎዳም» የሚባለውም ትክክል አይደለም፤ ማርም ስኳር ነው። ስለዚህ ጠጅም፣ ብርዝም ለሕመምተኛው አይሆኑም።

ስለ ጠላና አረቄ አንድ ብርቱ ነገር እንናገራለን። አልኮል ጉበት ስኳር እንዳይለቅ ስለሚያግድ ከጠጡ ከብዙ ሰዓታት በኋላ፣ በተለይም ሌሊት፣ የደም ስኳር ሊወርድ ይችላል። ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላሚድ የሚወስድ ሰው ሳይበላ ከጠጣ አደጋው ይከፋል። ስኳሩ የወረደበት ሰው ይንገዳገዳል፣ አንደበቱ ይተሳሰራል፣ ይቆጣል። ያየው ሰው «ሰክሯል፣ ተዉት ይተኛ» ይላል። ተኝቶም ላይነቃ ይችላል። ስለዚህ ስኳር ያለበት ሰው በበዓል ቀን ቢንገዳገድ አስቀድማችሁ ስኳሩ እንዳይሆን ጠርጥሩ።

ምልክቶቹ ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ የልብ ትርታ መፍጠን፣ ድንገተኛ ረሃብ፣ የዓይን ብዥታና መደናገር ናቸው። በመለኪያ ሲታይ ከ4 ሚሊሞል በታች፣ በሌላው አቆጣጠር ከ70 ሚሊግራም በታች ይሆናል። መለኪያ ከሌለ ጊዜ አታጥፉ። ከ3 እስከ 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በግማሽ ብርጭቆ ውኃ በጥብጣችሁ አጠጡት፤ ወይም ግማሽ ጠርሙስ ሶዳ ስጡት። ከ15 ደቂቃ በኋላ ካልተሻለው ድገሙት፤ ሲሻለው ምግብ ይብላ። ራሱን የሳተ ከሆነ ግን ምንም ነገር ወደ አፉ አታድርጉ፤ ያንቀዋል። በጎኑ አስተኝታችሁ በፍጥነት ወደ ክሊኒክ አድርሱት።

ስለ መድኃኒቱ

«ዛሬ በዓል ነው፣ መድኃኒቱ ይቅርብኝ» ማለት አይገባም። «ዛሬ ብዙ እበላለሁና ሁለት ልዋጥ» ማለትም እንዲሁ። ኢንሱሊን የምትወጉ በግብዣ ቤት ምግቡ ፊታችሁ ሳይቀርብ መርፌውን አትወጉ። በጉ ገና ሳይገፈፍ ተወግቶ ሁለት ሰዓት የሚጠብቅ ሰው በሰው ቤት ይወድቃል።

የኢንሱሊን ብልቃጡንም የበዓል ወጥ ከሚሠራበት ምድጃ አርቁ። ያልተከፈተው በማቀዝቀዣ ይቀመጣል። በሥራ ላይ ያለው ግን ማቀዝቀዣ በሌለበት ቤት ውኃ በሚያዝ የሸክላ ማሰሮ ጥላ ሥር ሊቀመጥ ይችላል። በዳዳብ በሚገኘው የዳጋሃሌይ ካምፕ የተለካውን ሙቀት መሠረት አድርጎ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ጥናት፣ ኢንሱሊን ከ25 እስከ 37 ዲግሪ በሚለዋወጥ ሙቀት ለ4 ሳምንት ኃይሉን እንዳላጣ አሳይቷል። የእኛ ቆርቆሮ ቤት ከዚያ በላይ ስለሚግል ማሰሮው የግድ ነው።

«በሞቴ» ስለሚባለው ነገር

እንግዳን አጥብቆ መጋበዝ ጨዋነታችን ነው፤ በስደትም ይዘነው መጥተናል። ነገር ግን ስኳር ላለበት ሰው ይህ ፍቅር ሸክም ሊሆን ይችላል። «እትዬ፣ በሞቴ ይህችን ብቻ!»፣ «ጋሼ፣ ያለዚህማ አልለቅዎትም!» ሲባል ሕመምተኛው አስተናጋጁን ላለማስቀየም ይጎርሳል። አንድ ጉርሻ ፍቅር ነው፤ በአራት ቤት ስምንት ጉርሻ ሲሆን ግን አንድ ሙሉ ማዕድ ነው።

ስለዚህ አስተናጋጆችን የምንለምነው ይህን ነው። ስኳር እንዳለበት የምታውቁትን ሰው በሞታችሁ አትለምኑት። ማጉረስ ካለባችሁ ጎመን በአይብ፣ ወይም እንጀራ ያልበዛበት ሥጋ አጉርሱት። ንጹሕ ውኃም ከገበታው አይጥፋ። ሕመምተኞችም በበኩላችሁ ሕመማችሁን አትደብቁ። «ቤታችሁ ይሙላ፤ ስኳር አለብኝና በቃኝ» ማለት ባለቤቱን አያስቀይምም። ስኳር ነውር አይደለም። ደብቆ በልቶ ማታ በአልጋ መወሰድ ግን ቤተሰብን ያስለቅሳል።

ስለ በዓሉ ማግስት

ብዙ ጊዜ የማይነገረው ይህ ነው። ለበዓሉ ዶሮና ዘይት ለመግዛት ከራሽኑ ላይ ይቀነሳል፤ ከዱካም ዱቤ ይወሰዳል። በዓሉ ያልፍና ቤቱ ባዶ ይሆናል። ሌላው ሰው በሻይና በኡጋሊ ሳምንቱን ይገፋል። ኢንሱሊን የሚወጋው ሰው ግን መድኃኒቱ አለ፣ ምግቡ የለም። በዓሉ ላይ የወጣው ስኳር በማግስቱ ይወርዳል፤ ወይም ደግሞ ሕመምተኛው ፈርቶ መድኃኒቱን ጨርሶ ይተውና ስኳሩ እንደገና ሽቅብ ይወጣል።

በመሆኑም ስለ በዓሉ ወጪ ስትነጋገሩ በቤታችሁ ሕመምተኛ ካለ አስቀድማችሁ የእርሱን ድርሻ ለዩ። ለበዓሉ ማሟያ የግድ ከእህሉ የሚቀነስ ከሆነ ከዱቄቱ ይቀነስ እንጂ ክኩ፣ ምስሩና ባቄላው አይነካ። ጥራጥሬ ለስኳር ሕመምተኛ ከዱቄት ይበልጣል፤ ቀስ ብሎ ይፈጫል፣ ረሃብንም ይይዛል። የዕቃ ማጠቢያ ውኃ በማጠጣት በደጃችሁ ጥቂት ሱኩማ ብትተክሉም ለማግስቱ ይደርሳል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ምግብ ያለቀበት ሰው ካለ አይፈር፤ መድኃኒቱን ከመተዉ በፊት መጥቶ ይንገረን። መጠኑ ሊስተካከል ይችላል። ማስታወክ፣ የማያቋርጥ ጥምና ሽንት፣ የሆድ ሕመም ወይም ፈጣን ትንፋሽ የታየበት ሰው ግን በዓልም ቢሆን እስከ ነገ አይቆይ፤ ያን ሰዓት ወደ ክሊኒክ ይምጣ።

በመጨረሻም ወጣቶችን አንድ ነገር እንጠይቃለን። በየሠፈራችሁ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ መርፌያቸውን ራሳቸው የሚወጉ አረጋውያን አሉ። በበዓሉ ዕለት ብዙ ሰው ይጠይቃቸዋል። እናንተ በማግስቱና በሠለስቱ ጎራ ብላችሁ «እማማ፣ ዛሬ ምን በሉ? አባባ፣ መድኃኒትዎን ወሰዱ?» በሏቸው።