የደም ምርመራ ስለ ልብ የሚመሰክረውና የማይመሰክረው



በ1948 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ግዛት በፍራሚንግሃም ከተማ 5,209 ነዋሪዎችን ለረጅም ዓመታት የሚከታተል ጥናት ተጀመረ። ጥናቱ በጤነኛ ሰው ደም ውስጥ የሚገኘው የኮሌስትሮል መጠን፣ ከደም ግፊትና ከትምባሆ ጋር ተዳምሮ፣ ወደፊት የሚደርሰውን የልብ ሕመም አስቀድሞ እንደሚያመለክት አረጋገጠ።

ኮሌስትሮል ለሰውነት አስፈላጊ ነው፤ የሕዋሳት ሽፋንና አንዳንድ ሆርሞኖች ይሠሩበታል። ጉዳቱ የሚመጣው ኤል.ዲ.ኤል. የተባለው ተሸካሚ በደም ውስጥ በዝቶ በደም ቧንቧ ግድግዳ ሲከማች ነው። ብዙ ላቦራቶሪዎች ይህን በቀጥታ ሳይለኩ በ1972 እ.ኤ.አ. በወጣው የፍሪድዋልድ ቀመር ያሰሉታል። በሚሊግራም በዴሲሊትር ሲለካ፣ ጠቅላላው ኮሌስትሮል 220፣ ኤች.ዲ.ኤል. 40፣ ትራይግሊሰራይድ 150 ቢሆን፣ ከ220 ላይ 40 እና የ150 አንድ አምስተኛ የሆነው 30 ተቀንሰው ኤል.ዲ.ኤል. 150 ይሆናል። ትራይግሊሰራይዱ ከ400 ሲበልጥ ግን ቀመሩ አይታመንም። ይህን ሳያስተውል ቁጥሩን ጽፎ የሚልክ ባለሙያ ሐኪሙን ያሳስታል፤ ጉዳቱም በሕመምተኛው ላይ ይደርሳል።

ትክክለኛው ቁጥርም ቢሆን ብቻውን አይበቃም። የ35 ዓመቱ ጤነኛ ሰውና ትምባሆ የሚያጨሰው፣ የስኳር በሽታና የደም ግፊት ያለበት የ62 ዓመት አዛውንት እኩል 150 ቢያስመዘግቡ፣ የተጋረጠባቸው አደጋ እጅግ የተራራቀ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣቸው የአደጋ መገመቻ ሠንጠረዦች ውስጥ የደም ምርመራ ለማይገኝበት ስፍራ የተዘጋጀም አለ፤ እርሱም በዕድሜ፣ በጾታ፣ በደም ግፊት፣ በማጨስና በክብደት ከቁመት ጋር ተነጻጽሮ ይሠራል። እንግዲህ የላቦራቶሪ ኬሚካል አለቀ ተብሎ ግፊት መለካት የሚቋረጥበት ምክንያት የለም።

በኢትዮጵያ ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ ያሻል። በጉሮሮ ሕመም ተነሥቶ የልብ በሮችን የሚያበላሸው የሩማቲክ የልብ ሕመም ብዙ ወጣቶችን ያጠቃል፤ የኮሌስትሮል ምርመራ ግን ስለ ልብ በሮች አንዳች አይናገርም። ትንፋሽ የሚያጥራት ወጣት «ደምሽ ደህና ነው» ተብላ ብትሰናበት፣ ልቧ ሳይደመጥና በአልትራሳውንድ ሳይታይ ሕመሟ ሥር ይሰዳል።

ስለዚህ ላቦራቶሪው ከውጤቱ ጋር የስሌቱን ገደብ ይጻፍ፤ ሐኪሙም ወረቀቱን ከማንበቡ በፊት ሰውየውን ይጠይቅ፣ ግፊቱን ይለካ፣ ልቡን ያዳምጥ።