የዶሜይን ስም ግዢና ሽያጭ፦ የኢሜይል አገልግሎትና ወሰኑ
በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር



አንድ የምሕንድስና ድርጅት ንብረቱን ሲቆጥር መሣሪያዎቹን፣ ተሽከርካሪዎቹን፣ የቢሮ ዕቃውንና በባንክ ያለውን ገንዘብ ይዘረዝራል። ደንበኞች የሚያውቁትን፣ የጨረታ ጥሪ የሚደርስበትንና ሠራተኞቹ ኢሜይል የሚጻጻፉበትን የዶሜይን ስም ግን ከንብረት የሚቆጥረው ድርጅት ጥቂት ነው። ይህ ስም አብዛኛውን ጊዜ የሚታወሰው ሊሸጥ ሲታሰብ፣ ተመሳሳዩ ሊገዛ ሲፈለግ ወይም ከእጅ ሲወጣ ነው። የዚህ ንግግር ዓላማ ስሙ ከአንድ ባለቤት ወደ ሌላው በሚተላለፍበት ጊዜ ኢሜይል ምን ዓይነት አገልግሎት እንደሚሰጥና ከየትኛውም ወሰን ማለፍ እንደማይገባው መግለጽ ነው። የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ የሚሸጠው ነገር ምን እንደሆነ መረዳት ያስፈልጋል። የዶሜይን ስም ሥርዓት በ1983 በፖል ሞካፔትሪስ ሲነደፍ፣ ዓላማው በቁጥር የሚታወቁትን ኮምፒዩተሮች ሰው በቀላሉ በሚያስታውሰው ስም ለመጥራት ነበር። በዶት ኮም መዝገብ የመጀመሪያው ስም ሲምቦሊክስ ዶት ኮም በማርች 1985 ሲመዘገብ ለምዝገባው የሚከፈል ገንዘብ አልነበረም። በ2019 ግን ቮይስ ዶት ኮም የተባለው ስም በ30 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ተሸጠ። ዋጋው ይህን ያህል ቢለወጥም የንብረቱ ባሕርይ አልተለወጠም። ገዢው የሚረከበው መሬትም ሆነ የሚጨበጥ ዕቃ የለም፤ የሚረከበው በአንድ ዋና መዝገብ ላይ ከስሙ ጎን የሰፈረውን የባለቤትነት መስመርና በዚያ መስመር ላይ የማዘዝ መብት ብቻ ነው። መብቱም እንደ ዶት ኮም ባሉት አጠቃላይ ስሞች ረገድ በአንድ ጊዜ ቢበዛ እስከ 10 ዓመት የሚሰጥና በየጊዜው የሚታደስ ነው።

ቤት የሚሸጥ ሰው ካርታውን ይዞ ከገዢው ጋር ወደ ውልና ማስረጃ ይሄዳል። መኪና የሚገዛ ሰውም ሊብሬውን ሳያይ ቀብድ አይሰጥም። በዶሜይን ስም ንግድ ግን ሻጩ በአንድ ክፍለ ዓለም፣ ገዢው በሌላ፣ መዝጋቢው ድርጅት ደግሞ በሦስተኛ ሊገኙ ይችላሉ፤ ሁለቱን ወገኖች ፊት ለፊት አስቀምጦ መታወቂያቸውን የሚመረምር ሹምም የለም። በዚህ ምክንያት ኢሜይል በአንድ ጊዜ ሦስት ሥራ ተሸክሞ ይገኛል። ይኸውም የመዝገቡ ቁልፍ፣ የገበያው ድምፅና የውሉ ሰነድ መሆን ነው። አደጋው የሚመነጨው ሦስቱ ሥራዎች በአንድ የመልእክት ሣጥን ውስጥ ሲደባለቁ ነው፤ ጥንቃቄውም የሚጀምረው እነርሱን በመለየት ነው።

የመጀመሪያውን፣ ማለትም ቁልፍነቱን እንመልከት። በ1998 የተቋቋመውና የዓለም አቀፉን የስሞች ሥርዓት የሚያስተባብረው አይካን በ2013 ከመዝጋቢ ድርጅቶች ጋር ባደረገው ውል መሠረት፣ ስም ያስመዘገበ ሰው የሰጠው የመገናኛ አድራሻ ትክክለኛ መሆኑ መረጋገጥ አለበት። በ15 ቀን ውስጥ ማረጋገጫ ካልተገኘ ስሙ ሊታገድ ይችላል። የዕድሳት ማስታወቂያም የምዝገባው ዘመን ከማለቁ አንድ ወር ያህልና አንድ ሳምንት ያህል ቀደም ብሎ፣ ካለቀም በኋላ በ5 ቀን ውስጥ የሚላከው በአብዛኛው በኢሜይል ነው። የይለፍ ቃሉን የረሳ ባለቤት አዲስ የሚያገኘው በዚያው በኢሜይሉ በኩል ነው። እንግዲህ የመልእክት ሣጥኑን የያዘ ሰው ስሙን እንደያዘ ይቆጠራል ማለት ነው።

ይህ በግምት የሚነገር ስጋት አይደለም። በ2006 ፒ ቱ ፒ ዶት ኮም የተባለው ስም ከባለቤቶቹ ተሰርቆ በኢቤይ ገበያ ከ110 ሺህ ዶላር በላይ ተሸጧል። ሌባው በአሜሪካ በኒው ጀርዚ ግዛት በ2009 ተይዞ በ2011 የአምስት ዓመት እስራት ተፈረደበት። ከስርቆቱ እስከ ፍርዱ አምስት ዓመት አለፈ ማለት ነው። ገበያው የተሰረቀውንና በሕግ የተያዘውን ስም በመልክ ሊለይ አልቻለም፤ በመዝገቡ ላይ ሁለቱም አንድ ናቸውና።

ስለዚህ ስም ያለው ድርጅት ለመዝገቡ ብቻ የሚያገለግል፣ በደብዳቤ ራስጌም ሆነ በጉብኝት ካርድ የማይታተም አንድ የተለየ የኢሜይል አድራሻ ሊኖረው ይገባል። አድራሻው በዚያው በሚጠበቀው ስም ሥር የተከፈተ መሆን የለበትም። ስሙ ሲታገድ ኢሜይሉም አብሮ ስለሚቆም፣ የእገዳው ማስታወቂያ የሚደርስበት ቦታ አይኖርም። ይህ የመጋዘኑን ቁልፍ ከመጋዘኑ ውስጥ ቆልፎ እንደመውጣት ነው። በተጨማሪም አድራሻው የድርጅቱ እንጂ የአንድ ሠራተኛ መሆን የለበትም፤ ሠራተኛው ሥራ ሲለቅ ወይም ከዚህ ዓለም ሲለይ ስሙ በአንድ ሰው የግል ሣጥን ውስጥ ተቆልፎ ይቀራል። በኃላፊነት የተመደቡ ሁለት ሰዎች ቢያውቁት፣ ከይለፍ ቃሉም ሌላ ሁለተኛ ማረጋገጫ ቢታከልበት የቁልፉ ጥበቃ ተሟላ ይባላል።

ሁለተኛው ሥራ የገበያ ድምፅ መሆን ነው። ቀድሞ ስም የሚፈልግ ሰው የባለቤቱን አድራሻ ከሕዝብ መዝገብ ያነብብ ነበር። ከሜይ 2018 ወዲህ፣ የአውሮፓ ኅብረት የግል መረጃ ጥበቃ ደንብ በሥራ ላይ በመዋሉ፣ የግለሰቦች አድራሻ በአብዛኛው ተሸፍኗል፤ ጠያቂው የሚጽፈው መዝጋቢው ባዘጋጀው የማስተላለፊያ አድራሻ ወይም ቅጽ ነው። የመጀመሪያው ደብዳቤ ማን እንደሚያነበው ሳይታወቅ የሚላክ ስለሆነ አጭርና ጨዋ መሆን አለበት። የሚፈለገው ስም፣ የጸሐፊው ማንነትና መልስ የሚላክበት አድራሻ ይበቁታል። ስሙ በሰሌዳ ላይ ተጽፎ ማለቁን ወይም የምረቃው ቀን መቅረቡን የሚያወሳ ገዢ ግን ዋጋውን በራሱ ላይ ያስወደደ ሰው ነው።

ሻጩም የጅምላ መላኪያ መሣሪያ በእጁ ስለገባ ብቻ ለሺህ ሰው አንድ ዓይነት ደብዳቤ መበተን አይገባውም። አሜሪካ በ2003 ያወጣችው ሕግ የንግድ ኢሜይል የላኪውን እውነተኛ ማንነት እንዲያሳይ፣ ርእሱ አሳሳች እንዳይሆን፣ የፖስታ አድራሻ እንዲይዝና አልፈልግም ያለ ተቀባይ በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ ከዝርዝሩ እንዲወጣ ያዛል። ጎግልና ያሁም ከፌብሩዋሪ 2024 ጀምሮ በጅምላ የሚልኩ ሁሉ መልእክታቸው በእርግጥ ከስማቸው የወጣ ስለመሆኑ ቴክኒካዊ ማረጋገጫ እንዲያቀርቡና የተቀባዮች ቅሬታ ከአንድ ሺህ ሦስት በታች እንዲሆን ጠይቀዋል። ከዚህም በላይ መልካም ዝና የስሙ የራሱ ሀብት ነው። ሊሸጥ የቀረበውን ስም ለአይፈለጌ መልእክት መላኪያ ያዋለ ሻጭ ዕቃውን ከመሸጡ በፊት አበላሽቶታል። ብልህ ገዢም ስሙ በእገዳ ዝርዝሮች ላይ ሰፍሮ እንደሆነ ከመክፈሉ በፊት ይመረምራል።

ደብዳቤው መከፈቱን የሚነግሩ መሣሪያዎችም በልክ ሊታመኑ ይገባል። እነዚህ መሣሪያዎች የሚሠሩት በመልእክቱ ውስጥ በተደበቀች ጥቃቅን ሥዕል ነው። አፕል በ2021 ባወጣው የግላዊነት ጥበቃ ግን ሥዕሎቹ አንባቢው ደብዳቤውን ባያየውም አስቀድመው ሊጫኑ ይችላሉ። ስለሆነም ደብዳቤው ሰባት ጊዜ ተከፈተ ብሎ ዋጋ የሚጨምር ሻጭ ከሰው ሳይሆን ከማሽን ጋር ሲከራከር ሊገኝ ይችላል።

በገበያው ውስጥ የተለመዱ ሁለት ማታለያዎችም አሉ። አንደኛው ገዢ መስሎ ከፍተኛ ዋጋ ካቀረበ በኋላ ከተወሰነ ድርጅት የዋጋ ግምት የምስክር ወረቀት በገንዘብ እንዲገዛለት የሚጠይቅ ነው። የምስክር ወረቀቱ ሲገዛ ገዢው ይጠፋል። ሁለተኛው ሌላ ኩባንያ ስምዎን በእስያ ሊያስመዘግብ ነው፣ ፈጥነው ይግዙ እያለ የሚያስፈራራ ነው። የሁለቱም መድኃኒት አንድ ነው፤ ጥድፊያ ያለበትን ኢሜይል ቢያንስ አንድ ሌሊት ማሳደር።

ሦስተኛውና ከባዱ ሥራ ሰነድነቱ ነው። በዚህ ረገድ የሴክስ ዶት ኮም ጉዳይ፣ ስሙ ለመድረክ ባይስማማም፣ ለሕጉ ታሪክ ዋና ምሳሌ ነው። ስሙን በ1994 ያስመዘገበው ጋሪ ክሬመን ነበር። በ1995 ስቲቨን ኮኸን የተባለ ሰው ስሙ እንዲዛወርለት የሚፈቅድ የሐሰት ደብዳቤ ለመዝጋቢው ለኔትወርክ ሶሉሽንስ አቀረበ። መዝጋቢውም ባለቤቱን ሳይጠይቅ አዛወረው። ፍርድ ቤት በ2001 ኮኸን 65 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል ፈረደ። የይግባኝ ፍርድ ቤቱም በ2003 የዶሜይን ስም እንደ ማንኛውም ንብረት ያላግባብ ሊወሰድ የሚችል ሀብት መሆኑን አረጋገጠ። ያ ደብዳቤ የወረቀት ደብዳቤ ነበር። የዛሬው ኢሜይል ከዚያ ወረቀት የሚለየው በፍጥነቱ እንጂ በታማኝነቱ አይደለም።

የዛሬዎቹ አጭበርባሪዎች በአንደኛው ወገን ሣጥን ውስጥ በዝምታ ተቀምጠው ድርድሩን ያነብባሉ፤ ክፍያው በሚፈጸምበት ቀን የባንክ ሒሳቡ ተለውጧል የሚል ደብዳቤ ይልካሉ። የአሜሪካ ፌዴራል ምርመራ ቢሮ እንዲህ ባለው የንግድ ኢሜይል ማጭበርበር በ2023 ብቻ 2.9 ቢሊዮን ዶላር ያህል መጥፋቱ እንደተነገረው ዘግቧል። በአማርኛ ሰ እና ሠ በድምፅ ስለሚመሳሰሉ ጆሮ ይሳሳታል፤ በላቲን አድራሻ ደግሞ አር እና ኤን ጎን ለጎን ሲጻፉ ኤም ስለሚመስሉ ዓይን ይሳሳታል። በመልእክቱ ላይ የሚገኘው የዲጂታል ፊርማም ደብዳቤው ከየትኛው ቤት እንደወጣ ይናገራል እንጂ ማን እንደጻፈው አይናገርም። ስለዚህ የሒሳብ ቁጥርም ሆነ ማናቸውም ለውጥ አስቀድሞ በታወቀ የስልክ ቁጥር በቃል ሳይረጋገጥ ገንዘብ መላክ አይገባም።

ሻጩ በእርግጥ ስሙን መያዙን ለማወቅ መሐንዲስ የሚወደው ቀላል ፈተና አለ። ገዢው አንድ ቃል ይመርጣል፤ ሻጩ ያንን ቃል በስሙ ቴክኒካዊ መዝገብ ውስጥ ያስገባል፤ ገዢውም መዝገቡን ራሱ ጠይቆ ያነብባል። ይህ ፈተና ይዞታን እንጂ ሕጋዊ ባለቤትነትን ስለማያሳይ፣ ስሙ በቅርብ ጊዜ እጅ መለወጡን መመርመር ይከተላል። ከዚያም ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፤ በመጀመሪያ የተፈረመ ውል፣ ቀጥሎ ገንዘቡን በታወቀ አደራ ያዥ ዘንድ ማስቀመጥ፣ ቀጥሎ ስሙን ማዛወር፣ ቀጥሎ ገዢው በመዝገቡ ላይ ማረጋገጡ፣ በመጨረሻም ገንዘቡ ለሻጩ መለቀቁ። የአደራ ያዡም ገጽ በኢሜይል በመጣ መስመር ሳይሆን በእጅ በተጻፈ አድራሻ ሊከፈት ይገባል። የማዛወሪያው ኮድ ከአደራ ያዡ ማረጋገጫ በፊት ለማንም አይሰጥም፤ በድርድሩ ኢሜይል ውስጥም አይጻፍም። በ2016 የወጣው የአይካን ደንብ የባለቤቱ መረጃ ሲለወጥ ስሙ ለ60 ቀን ወደ ሌላ መዝጋቢ እንዳይዛወር የሚያግድበት ሁኔታ ስላለ፣ የርክክቡ ቀን ከመቆረጡ በፊት መዝጋቢውን መጠየቅ ይገባል። ኢትዮ ቴሌኮም የሚያስተዳድረው ዶት ኢቲን የመሳሰሉት የአገር ስሞች በየራሳቸው ደንብ ስለሚመሩ፣ ለዶት ኮም የተነገረው ሁሉ ለእነርሱ እንደሚሠራ አድርጎ መውሰድ ስሕተት ነው።

በመጨረሻ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ አንድ ነገር ይቀራል። ስም የሸጠ ሰው የሸጠው ስሙን ብቻ አይደለም፤ ወደፊት በዚያ ስም ለቀድሞ ሠራተኞቹ የሚጻፉትን ደብዳቤዎች ጭምር ነው። አዲሱ ባለቤት የመልእክት መቀበያውን ወደ ራሱ ሲያዞር፣ የቀድሞው ዋና መሐንዲስ ይጠቀምበት በነበረው አድራሻ የሚመጣ የግንባታ ንድፍ፣ የጨረታ ምላሽ፣ የባንክ ማስታወቂያና የይለፍ ቃል መለወጫ ሁሉ በእርሱ እጅ ይገባል። ሕንፃ ሲሸጥ ፋይሉ ከመደርደሪያው ይወጣል፤ ስም ሲሸጥ ግን ፋይሉ ከሽያጩ በኋላም መምጣቱን ይቀጥላል። ስለዚህ ሻጩ ከርክክቡ በፊት በዚያ አድራሻ የተከፈቱትን ሒሳቦች በሙሉ ዘርዝሮ ወደ አዲስ አድራሻ ማዛወርና ለደንበኞቹ ማስታወቅ አለበት፤ ይህ ካልተፈጸመም ሽያጩን ማዘግየት ይሻላል። ገዢውም በስሕተት የሚደርሱትን ደብዳቤዎች ሳይጠቀምባቸው እንዲመልስ በውሉ ላይ ቢጻፍ ለሁለቱም ክብር ነው።

ክቡራን አባላት፤ መሐንዲስ ጭነት የሚሸከመውን ምሰሶና ለመከለያ ብቻ የቆመውን ግድግዳ ለይቶ ያውቃል። በዚህ ንግድ ጭነቱን ሊሸከሙ የሚችሉት የመዝገቡ መስመር፣ የተፈረመው ውልና የአደራው ገንዘብ ናቸው። ኢሜይል ወገኖችን ያገናኛል፣ ያነጋግራል፣ የተባለውንም ያስታውሳል፤ የስም ዝውውር ግን በእርሱ ላይ ብቻ ሊቆም አይገባም። እያንዳንዱ አባል ወደ መሥሪያ ቤቱ ሲመለስ ሊጠይቀው የሚገባው ጥያቄ ሁለት ነው፤ የድርጅቱ ስም በማን ኢሜይል ተመዝግቧል? ያ ሣጥን ዛሬ ቢዘጋ ስሙን ማስመለስ የሚችለው ማን ነው? ለሁለቱ ጥያቄዎች መልስ ያላገኘ ድርጅት፣ ስም ስለመሸጥም ሆነ ስለመግዛት ከማሰቡ በፊት፣ ያለውን ስም በእጁ ማስገባት ይቀድመዋል።