«የለም» እና «አልተመለሰም»፦ ስለ ቤተ መጻሕፍት ድረ ገጽ ብልሽት ምርመራ



ወደ ንባብ አዳራሽ የገባ ሰው የጠየቀውን መጽሐፍ ሲያጣ፣ ምክንያቱ ከሁለት አንዱ ሊሆን ይችላል፤ መጽሐፉ በቤቱ የለም፣ ወይም ሊያመጣ የሄደው ተላላኪ አልተመለሰም። የሁለቱን ልዩነት የማያውቅ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ አይገኝም። ይሁን እንጂ ካታሎጉ ከካርድ መሳቢያ ወደ ድረ ገጽ ከተዛወረ ወዲህ ይህ ልዩነት በብዙ ቦታ ደብዝዟል። የዚህ ንግግር ዓላማ ልዩነቱ እንዴት እንደሚጠፋና በምን ዓይነት ምርመራ እንደሚመለስ ማስረዳት ነው።

በድረ ገጽ የመጀመሪያ ዓመታት አንባቢው የመፈለጊያውን ቁልፍ በተጫነ ቁጥር ገጹ በሙሉ ጠፍቶ እንደገና ይመጣ ነበር። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጣው ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 5 ውስጥ፣ ገጹ ባለበት ቆሞ ከበስተጀርባ ለሰርቨሩ ጥያቄ የሚልክ መሣሪያ ቀረበ። እ.ኤ.አ. በ2005 ጄሲ ጄምስ ጋሬት አሠራሩን «አጃክስ» ብሎ ሰየመው፤ ከዚያ በኋላም ዘዴው በሰፊው ተለመደ። ዛሬ በካታሎግ ገጽ ላይ የሚሠራው የጃቫስክሪፕት ትእዛዝ ፊደል በተተየበ ቁጥር ጥቆማ ያቀርባል፤ የሽፋን ሥዕል ከሌላ ድርጅት ሰርቨር ይስባል፤ ቅጂው በመደርደሪያ ላይ መኖሩን ጠይቆ ያሳያል።

ይህ አሠራር ብዙ ተላላኪዎችን በአንድ ጊዜ ወደ መጋዘን እንደ መላክ ያለ ነው። ላኪው አንዱ እስኪመለስ ቆሞ አይጠብቅም፤ ሌላ ሥራ ይቀጥላል። ጥቅሙም ችግሩም የሚመነጨው ከዚሁ ነው፤ ቀድሞ የተላከው ቀድሞ ለመመለሱ፣ ወይም ጭራሹን ለመመለሱ ዋስትና የለምና።

የመጀመሪያው ብልሽት የተራ መዛባት ነው። አንድ አንባቢ «ጎ» ብሎ ጀምሮ «ጎንደር» ብሎ ይጨርሳል። ስለ «ጎ» የተጠየቀው ሰርቨር ብዙ መዝገብ ስለሚያገላብጥ ሊዘገይ ይችላል፤ ስለ «ጎንደር» የቀረበው ጥያቄ ግን ቶሎ ይመለሳል። ትክክለኛው ዝርዝር ከወጣ በኋላ የዘገየው መልስ ይደርስና ይሸፍነዋል። በሳጥኑ ውስጥ «ጎንደር» ተጽፎ እያለ ከሥሩ ጎጃምና ጎሬ ተደርድረው ይታያሉ። መድኃኒቱ አዲስ ጥያቄ ሲላክ የቀድሞውን ማቋረጥ፣ ወይም ለእያንዳንዱ ጥያቄ ቁጥር ሰጥቶ የመጨረሻውን ቁጥር ከያዘው መልስ በቀር ሌላውን አለመቀበል ነው። አንባቢው ትየባውን እስኪጨርስ ጥቂት መታገሥ የጥያቄውን ብዛት ይቀንሳል፤ ብቻውን ግን ስሕተቱን አያጠፋውም።

ሁለተኛው ብልሽት ከዚህ ይከፋል፤ ምክንያቱም ድምፅ የለውም። «ፌች» የተባለው የጃቫስክሪፕት ትእዛዝ ጥያቄው እንደ ከሸፈ የሚቆጥረው መስመሩ ሲቋረጥ ወይም ብራውዘሩ ሲከለክለው ነው። ሰርቨሩ 500 የሚለውን የውስጥ ብልሽት ቁጥር ቢመልስ እንኳ፣ ለፌች መልስ ያው መልስ ነው። የስክሪፕቱ ጸሐፊ ቁጥሩን እንዲመረምር ካላዘዘውና ስሕተቱን በዝምታ ካሳለፈው፣ ስክሪፕቱ በብልሽት መልእክት ውስጥ የመጽሐፍ ዝርዝር ይፈልጋል፤ አያገኝምም፤ ከዚያም «0 መጻሕፍት ተገኝተዋል» ብሎ ያስነብባል። የመመረቂያ ጽሑፉን የሚያዘጋጅ ተማሪ ይህን አምኖ ይሄዳል። መጽሐፉ በመደርደሪያው ላይ እንዳለ ይቀራል፤ አቤቱታ የሚያቀርብም አይኖርም፤ የተዋሸ መሆኑን የሚያውቅ የለምና።

የአማርኛ ካታሎግ ደግሞ ከእነዚህ ጋር የሚምታታ ሌላ ምክንያት አለው። መዝገቡ «ፀሐይ» ብሎ አንባቢው «ጸሀይ» ብሎ ቢጽፍ፣ ማውጫው ድምፃቸው አንድ የሆነውን ፊደላት ካላስተባበረ መጽሐፉ አይገኝም። በዚህ ጊዜ ተላላኪው በደኅና ሄዶ በደኅና ተመልሷል፤ ጥፋቱ የማውጫው እንጂ የስክሪፕቱ አይደለም።

እንግዲህ መርማሪው ምክንያቱን ሳይለይ ሰርቨሩን አጥፍቶ ለማብራት ቢሮጥ፣ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው ይሆንበታል። በብዙ ብራውዘሮች ኤፍ 12 የተባለው ቁልፍ ሲጫን የሚከፈተው መሣሪያ፣ «ኔትወርክ» በሚለው ክፍሉ እያንዳንዱን ጥያቄ ከነመልሱ ይዘረዝራል። መርማሪው አራት ነገር በተራ ይመለከታል፤ ጥያቄው ተልኳል ወይ፣ በምን ቁጥር ተመለሰ፣ ስንት ጊዜ ፈጀ፣ ውስጡ ምን ይዟል። ቁጥሩ 200 ሆኖ ዝርዝሩ ባዶ ከሆነ የሚመረመረው ማውጫው ነው፤ ቁጥሩ 500 ከሆነ ሰርቨሩ፤ መልሱ በደኅና መጥቶ በገጹ ላይ ካልታየ ስክሪፕቱ። በዚያው ክፍል የመስመሩን ፍጥነት አውቆ መቀነስም ይቻላል። በመሥሪያ ቤቱ ፈጣን መስመር ላይ ያልታየ የተራ መዛባት፣ በአንባቢው ደካማ መስመር ልክ ሲፈተን ብቅ ይላል።

ጥገናውም የሚጠናቀቀው ገጹ ሦስት የተለያዩ ቃላት ሲኖሩት ነው፤ «በመፈለግ ላይ ነው»፣ «አልተገኘም»፣ «መልስ አልደረሰም፤ እንደገና ይሞክሩ»። ለሦስተኛው ቃል የጊዜ ገደብ ያስፈልጋል፤ ያለዚያ የመጀመሪያው ቃል ማብቂያ ያጣል።

አባላት ወደየቤተ መጻሕፍታቸው ሲመለሱ አንዲት ፈተና ቢያደርጉ ለመጀመሪያ ይበቃል። የካታሎጉን ገጽ ከፍቶ፣ የኮምፒዩተሩን የመረብ መስመር ነቅሎ፣ በመደርደሪያ ላይ መኖሩ በእርግጥ የታወቀን መጽሐፍ መፈለግ ነው። ገጹ «የለም» ብሎ ከመለሰ፣ ሥራው ከዚያ ይጀመራል።