የአካሚ እጅ አማና ነው

(በሬዲዮ ዝግጅታችን ከቀረበ ንግግር)

ቢስሚላሂር ረሕማኒር ረሒም። ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ የተገባ ነው። ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

የዛሬው ርእሳችን አንዳንዶቻችሁን ሊያስገርም ይችላል። የምንነጋገረው ስለ ሆስፒታል ሠራተኞች የእጅ ንጽሕና፣ በተለይም ይህን ንጽሕና ስለሚከታተሉና ሪፖርት ስለሚያደርጉ ሰዎች ኃላፊነት ነው። «ይህ የሐኪሞች ጉዳይ አይደለም ወይ?» የሚል ቢኖር መልሳችን አጭር ነው። ነፍስን መጠበቅ ከሸሪዓችን ታላላቅ ዓላማዎች አንዱ ነው። አልጋ ላይ የተኛ ታማሚ ደግሞ ራሱን ለሌላ ሰው እጅ በአማና የሰጠ ሰው ነው።

እኛ ሙስሊሞች ለእጅ መታጠብ እንግዳ አይደለንም። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ከእንቅልፉ የነቃ ሰው እጁን ሦስት ጊዜ ሳይታጠብ ወደ ዕቃ እንዳያስገባ አስተምረዋል። ምክንያቱም እጁ የት እንዳደረች አያውቅም። ሐዲሱ በኢማሙ ሙስሊም ተዘግቧል። ምክንያቱን ልብ እንበል። እጁ ላይ ቆሻሻ ስለታየ አይደለም፤ የት እንዳደረች ስለማይታወቅ ነው። የሆስፒታሉም ጉዳይ ይኸው ነው። ከአንዱ ታማሚ ወደ ሌላው የሚሻገረው ተሕዋስ በዓይን አይታይም።

ቆጠራ ምን ያህል ነፍስ እንደሚያተርፍ ለማየት ወደ ቪዬና ከተማ እንሂድ። በከተማዋ አጠቃላይ ሆስፒታል ሁለት የማዋለጃ ክፍሎች ነበሩ። በአንደኛው ሐኪሞችና ተማሪዎቻቸው፣ በሌላው አዋላጆች ይሠሩ ነበር። በሐኪሞቹ ክፍል በአራስ ትኩሳት የሚሞቱት እናቶች በጣም ይበዙ ነበር። ኢግናዝ ሴመልቫይስ የተባለ ሐንጋሪያዊ ሐኪም መዝገቦቹን አስተያየና ሐኪሞቹ ከአስከሬን ምርመራ ተነሥተው ወላዶችን እንደሚነኩ አስተዋለ። እ.ኤ.አ. በሜይ 1847 እጃቸውን በክሎሪን ውሃ እንዲታጠቡ አደረገ። በኤፕሪል ወር ከ100 ወላዶች 18 ያህሉ ሞተው ነበር፤ በጁን ቁጥሩ ወደ 2 ገደማ ወረደ። ሆኖም «በእኛ እጅ እንዴት ሰው ይሞታል?» የሚል ስሜት ብዙ ባልደረቦቹን ምክሩን ከመቀበል አገዳቸው። ኩራት እውነትን ሲጋርድ ዋጋውን የሚከፍለው ታማሚው ነው።

ነገሩ ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ሪፖርት፣ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ለድንገተኛና ለአጣዳፊ ሕመም ከተኙ 100 ታማሚዎች 15ቱ እዚያው ሆስፒታል ውስጥ ቢያንስ አንድ ኢንፌክሽን ይይዛቸዋል። በሀብታሞቹ አገሮች 7 ናቸው። ድርጅቱ አካሚ እጁን የሚያጸዳባቸውን አምስት ጊዜያት ለይቷል። እነርሱም ታማሚውን ከመንካት በፊት፣ ንጽሕና የሚፈልግ ሥራ ከመጀመር በፊት፣ ደምና የሰውነት ፈሳሽ ሊነካ ከቻለ በኋላ፣ ታማሚውን ከነካ በኋላ፣ እንዲሁም በታማሚው ዙሪያ ያለውን ዕቃ ከነካ በኋላ ናቸው። ጓንት ማድረግ እጅ መታጠብን አይተካም።

ተከታታዩ ሰው ክፍሉ ውስጥ ቆሞ፣ በአንድ ጊዜ 20 ደቂቃ ያህል፣ እጅ መጽዳት ያለበትን አጋጣሚና በትክክል የጸዳበትን ይቆጥራል። ሁለተኛው ለመጀመሪያው ተካፍሎ በመቶ ይሰላል።

እዚህ ላይ ጥያቄ ይነሣል። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል ሑጁራት መሰለልንና ሐሜትን ከልክሎናል። ይህ ክትትል ስለላ አይሆንም ወይ? አይሆንም። ስለላ የተሸሸገን የሰው ገመና ማነፍነፍ ነው። ይህ ግን በግልጽ ቦታ፣ ሠራተኛው እያወቀ፣ ለታማሚው ጥቅም የሚደረግ ነው። በቅጹ ላይ የሚጻፈው ሙያው እንጂ ስሙ አይደለም።

የባልደረባን ጥፋት ማየትስ? መሸፈን ነው ወይስ መናገር? የሙስሊምን ነውር መሸፈን ታላቅ ምንዳ አለው። ነገር ግን መሸፈን የሚወደሰው ጉዳቱ ወደ ሌላው በማይሻገርበት ነው። ኢማሙ ነወዊ በሪያዱ ሷሊሒን ጊባ የሚፈቀድባቸውን ስድስት ሁኔታዎች ሲዘረዝሩ፣ መጥፎን ነገር ለማስወገድ እርዳታ መጠየቅንና ሰዎችን ከጉዳት ማስጠንቀቅን አካተዋል። ስለዚህ አደቡ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ለብቻው፣ በለሰለሰ ቃል ነሲሓ ይሰጠው። ካልተመለሰ ለኃላፊው ይነገር። በቡና ላይ ማውራት ግን ሪፖርት አይደለም፤ ያ ጊባ ነው። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) በዳይ ወንድማችንንም እንድንረዳ፣ እርዳታችንም ከበደሉ መመለስ እንደሆነ አስተምረዋል።

ከሁሉም የከፋው በጠረጴዛ ላይ የሚሞላ ቅጽ ነው። ክፍሉን ሳይረግጥ ከ100 95 ብሎ የጻፈ ሰው ምን አደረገ? በውሸት መሰከረ። ሱረቱል ሙጠፊፊን ሲነበብ ብዙዎቻችን የምናስበው የገበያውን ሚዛን ብቻ ነው። የሪፖርት ቁጥርም ሚዛን ነው። እውነተኛው 40 ከሐሰተኛው 95 ይበልጣል፤ 40 ያለው ሰው ኃላፊውን «ለምን?» ብሎ እንዲጠይቅ ያስገድዳልና። መልሱ ደግሞ ብዙ ጊዜ የነርሷ ስንፍና ላይሆን ይችላል። ቧንቧው ደርቆ፣ ሳሙናው አልቆ ይሆናል። ስለዚህ ፍትሕ የሚሻ ተከታታይ እጅን ብቻ ሳይሆን ውሃና ሳሙና መኖሩንም ይጻፍ። ኃላፊም ውሃ ሳያቀርብ ሠራተኛን አይውቀስ።

በዘርፉ የሚታወቅ አንድ ነገር አለ። ሰው መታየቱን ሲያውቅ እጁን አዘውትሮ ይታጠባል፤ ተመልካቹ ሲሄድ ይቀንሳል። ለዚህ ደዌ የኢህሳን ትምህርት መድኃኒት ነው። እኛ አላህን ባናየው እርሱ ያየናል። ሌሊት በ9 ሰዓት፣ ተቆጣጣሪ በሌለበት፣ ራሱን ከማያውቅ ታማሚ አልጋ አጠገብ የሚታጠብ እጅ ይህን የተረዳ እጅ ነው።

አንዳንድ ወንድሞችና እህቶች በአልኮል የተሠራውን የእጅ ማጽጃ መጠቀም ይከብዳቸዋል። በመካ የሚገኘው የራቢጣ የፊቅህ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2002 ባደረገው 16ኛ ስብሰባ አልኮልን ተሕዋስ ለመግደልና ለውጫዊ ቅባት መጠቀም እንደሚፈቀድ ወስኗል። ስለዚህ ይህን ምክንያት አድርጎ እጅን ሳያጸዱ ታማሚ መንካት አይገባም።

እናንተ አስታማሚዎችስ? በመጀመሪያ የራሳችሁን እጅ ታጠቡ፤ ከአንዱ አልጋ ወደ ሌላው ስትዘይሩም እንደዚሁ። ከዚያ አካሚው ቢረሳ ለመጠየቅ አትፈሩ። «ሲስተር፣ አላህ ይስጥልኝ፣ እናታችንን ከመንካትዎ በፊት እጅዎን ቢታጠቡልን» ማለት ድፍረት አይደለም። መጮህና በስልክ እየቀረጹ ሰውን ማዋረድ ግን የእኛ መንገድ አይደለም። አካሚዎችም ሆይ፣ ይህን ቃል ስትሰሙ ፊታችሁን አታጥቁሩ። ያስታወሳችሁ ሰው ከነገ ተጠያቂነት ያቀለለላችሁ ወዳጃችሁ ነው።

አላህ (ሱ.ወ) ታማሚዎቻችንን ይፈውስልን። የሚያክሟቸውን እጆች ንጹሕ፣ የሚጽፉትንም ብዕር እውነተኛ ያድርግልን። አሚን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱሁ።